መርዶ ለአጥቂው ሪስቶ

ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኬንት ውስጥ አንድ ጎማ ቤት ደጃፍ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከኋላ ካሉት ቤቶች ከአንዱ ግቢ እሳት ላይ የጠቆረ ቀይ ቃሪያ ሸተተኝ። የእኛ በርበሬ ሲቆላ ያስነጥሳል። ይኼኛው አያስነጥስም፤ ጣፋጭና ከባድ ሽታ ነው፣ ልብስ ላይ ይቀመጣል። ጎማ ቀያሪው ቀና ብሎ አየኝና «ዩ ኦኬ?» አለኝ። ኦኬ ነኝ አልኩት። ምን ልበለው? ከሞቱ ብዙ ዘመን የሆናቸው አንድ የመቄዶንያ ሽማግሌ በዚህ ሽታ ገብተው አጠገቤ ቆሙ ልበለው? እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ጂን የለም ባልልም ዱቤ አልሰጠውም። ያን ቀን ግን ጎማው ተቀይሮ ካለቀ በኋላም መኪናዬን አላስነሳሁም። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ያኔ፣ እሳቸውን ባወቅኩበት ዘመን፣ የሲያትሉ ሬኒየር ቫሊ ሰፈር ባቡር አልነበረውም። ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ነበረች፣ እሷም ደስ ሲላት ነው የምትመጣው። ሱቄ በአንድ የቬትናሞች ፀጉር ቤትና በአንድ ዶናት ቤት መካከል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ነበረች። ጥግ ላይ ያለው ማደያ ቤንዚን በጋሎን አንድ ዶላር ከምናምን ይሸጣል፤ ያንኑም ተወደደ እያልን እናማርር ነበር። ዶናት ከነቡናው ዶላር አይሞላም። ጎረምሳው ሁሉ ቁልፉን ያልቆለፈው ባለ ካሬ የፍላኔል ሸሚዝ ለብሶ በዝናብ ውስጥ ይሄዳል፤ ጃንጥላ የያዘ ሰው ካየህ ያ ሰው ገና ትናንት በዲቪ የመጣ የእኛ ልጅ ነው፣ ካፖርቱም ከሰጠው ሰው ቁመት የተነሣ መሬት ይጠርጋል። እኔ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የሶላት ምንጣፍ፣ ከዱባይ የመጣ ሽቶና የስልክ ካርድ እሸጣለሁ። ካርዱ አምስት ዶላር ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን ያህል ደቂቃ የተናገረ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። የደሴ ልጅ ነኝና ቴፔ ከአምባሰል ሌላ አያውቅም ነበር። ቬትናማዊቷ ፀጉር ሠሪ ዜማውን ለምዳው ጥፍር ስትሞርድ ስታንጎራጉረው እሰማ ነበር።

ሱቁን ያቆመው ግን በርበሬው ሳይሆን ከመጋረጃው ኋላ ያለው ማሽን ነው። የዛሬ ልጆች ይኼን አያውቁትም። ከአገር ቤት ወይም ከአውሮፓ የመጣ የቪዲዮ ካሴት እዚህ አገር ማጫወቻ ውስጥ ሲገባ እሺ አይልም፤ የእናትህን ድምፅ እንደ ንብ ጩኸት ትሰማለህ፣ መልኳን አታይም። ሶ፣ ካሴቱን ወደዚህ አገር ዓይነት የሚለውጥ ማሽን ያስፈልጋል። እኔ ኤቨረት ውስጥ ሱቁን ሊዘጋ ከነበረ ፓኪስታናዊ ገዛሁት። ማሽኑ ቸኩሎ አያውቅም። የሁለት ሰዓት ሠርግ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነው የሚገለብጠው፤ ምስሉ መንሸራተት ሲጀምርም ቁልፉን እየነካካ የሚያስተካክል ሰው ፊቱ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ የሲያትልን ሐበሻ ሠርግ፣ ክርስትናና መውሊድ ሁሉ ተቀምጬ ያየሁ እኔ ነኝ። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን አክስት የማንን ወርቅ ተውሳ እንዳጠለቀች አውቃለሁ። አፌን ግን እዘጋለሁ። አፉን የማይዘጋ ነጋዴ ሱቁን ይዘጋል።

ጋሽ ሪስቶ የገቡት አንድ ዝናባማ ከሰዓት ነው። «ጋሽ» የእኛ ጭማሪ ነው፤ ቆይተው ሲለምዱት ስልክ ላይ ራሳቸው «ጋሽ ሪስቶ ነኝ» ይሉ ጀመር። ቁመታቸው የበሩን መቃን የሚነካ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ግራ እግራቸውን ግን እንደ ውሰት ዕቃ በጥንቃቄ የሚያስቀምጡ ሰው ነበሩ። የተጠበሰ ቀይ ቃሪያ የሚሸት ጥቁር የሱፍ ካፖርት፣ ጠፍጣፋ ቆብ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ። ኬንት ውስጥ መጋዘኖቹ አካባቢ ከሴት ልጃቸው ከሊዲያ ጋር ነበር የሚኖሩት። ዩጎዝላቪያ ተወልደው፣ ቤታቸው ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ሌላ አገር ውስጥ ራሳቸውን ያገኙ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለው ነገር ለእኛ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር። እንግሊዝኛቸው ከእኔ እንግሊዝኛ ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን «ዩ» ባልኳቸው ቁጥር በልቤ አንቱ እያልኳቸው ነበር።

«ካሴት ትለውጣለህ?» አሉኝ።

«እለውጣለሁ።»

«ምን እንዳለበት ታያለህ?»

«ካላየሁት አይለወጥም።»

«እንግዲያው እኔን ታያለህ» አሉና ካሴቱን ባንኮኒው ላይ አኖሩት።

ሰውዬው ያመማቸው መሰለኝ። ማሽኑ ውስጥ ሳስገባው ጥቁርና ነጭ ሜዳ መጣ፤ ዘጠኝ ቁጥር የለበሰ ረጅም ጎረምሳ ተከላካዮች መካከል አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆሟል፣ ኳስ ከግራ በአየር ትመጣለች፣ አንዴ ይነካታል፣ መረቡ ይነፋል። ሽማግሌው በጣታቸው የቴሌቪዥኑን መስታወት ነኩና «እኔ» አሉ። በሲያትል ታክሲ የሚነዳው ሁሉ አገሩ ላይ ኮሎኔል ነበር፤ ማስረጃውን ይዞ የመጣ ግን እኚህን ብቻ ነው ያየሁት።

ሱቄ ውስጥ ወንበር የነበረው አንድ ሰው ነበር፣ ጋሽ ተፈራ። ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃል፤ ደሴ እያለ የኳስ ዳኛ ነበር። ያን ቀን ከመጋረጃው ኋላ ገብቶ ቆሞ አየና በአማርኛ «ሰይድ፣ እኚህ ሰውዬ ኳስ አያባርሩም። ኳሷ ናት አድራሻቸውን የምታውቀው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ሪስቶ ሲመጡ ወንበሩን የሚለቅላቸው እሱ ነበር። ለእኔ ለባለቤቱ ለቆልኝ አያውቅም።

ካሴቶቹን የሚልክላቸው ስኮፕዬ ቴሌቪዥን ጣቢያ የሚሠራ የእህታቸው ልጅ ነው። እንዳገኘ ነው የሚልከው፣ ቅደም ተከተል የለውም። ስለዚህ እኔ የእኚህን ሰው ሕይወት ያየሁት ከጫፉ ወደ መነሻው ነው። መጀመሪያ ቤልጂግ ውስጥ ጉልበታቸው ሄዶ፣ ብርድ ልብስ ጭናቸው ላይ አድርገው የተቀያሪ ወንበር ላይ ሲቀመጡ አየሁ። ቀጥሎ ቤልግሬድ ውስጥ ስታዲየም ሙሉ ሰው ስማቸውን ሲጠራ። በመጨረሻ ፕሪሌፕ በምትባለው የትምባሆ ከተማቸው፣ ጭቃ ሜዳ ላይ፣ ጢም ያላበቀለ ቀጭን ልጅ ሆነው። መጨረሻውን አውቆ መጀመሪያውን ማየት ከባድ ነው። ልጁ አግብቶ እየሳቀ ወደ ካሜራው ሲሮጥ «ቀስ በል፣ ጉልበትህን» ልለው አፌ ላይ ይመጣል። አንዳንድ ቀን ሱቁን ዘግቼ ስሄድ ያ ልጅ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ የቆመ ይመስለኝ ነበር፣ ማሊያው እንደራሰ።

ጋሽ ሪስቶ ካሴቱ በሚገለበጥበት ሰዓት የጎደለውን ይሞሉልኛል። እናታቸው የትምባሆ ቅጠል ለቃሚ ነበሩ፤ ፀሐይ ሳይወጣ ይለቅማሉ፣ ቅጠሉ የሚያጣብቅ ጥቁር ነገር ጣት ላይ ይተዋል፣ በሳሙና አይለቅም። ለቡድን ሊፈተኑ የሄዱ ቀን አሠልጣኙ እጃቸውን አይቶ «ታጥበህ ና» ብሎ መለሳቸው። ታጥበው መጡ፣ አልለቀቀም፣ ግን ሦስት አገቡ። ከዚያ ዝናው መጣ። የከተማው ፀጉር አስተካካይ ፎቷቸውን ከፕሬዚዳንቱ ፎቶ አጠገብ ሰቀለው፤ አንድ ሰሞንማ ከፕሬዚዳንቱ ከፍ አድርጎት ነበር፣ ሰው መክሮት መለሰው። ዳቦ ጋጋሪው አያስከፍላቸውም። «በዚያ ዓመት የተወለደ ወንድ ሁሉ ሪስቶ ነው» አሉን። «መንገድ ላይ ስሜ ሲጠራ ግማሽ ሰፈር ይዞራል።»

ከግራ የምትመጣውን ኳስ የሚልከው ግን ሌላ ሰው ነው። ኪሮ ይባላል። ጆሮዎቹ ትልልቅ፣ ቁመቱ አጭር፣ የጋሽ ሪስቶ የጎረቤት ልጅ፣ አንድ የጭቃ ግንብ ነው የሚለያቸው። ቀና ብሎ ሳያይ ይልካል፣ ኳሷ ጋሽ ሪስቶ እግር ላይ ትወርዳለች። ሁለቱ ባንድ ሳህን ይበላሉ። አንድ ቀን የቤልግሬድ ሰዎች ጋሽ ሪስቶን ሊወስዱ ቤታቸው መጡ፤ እናታቸው የጠበሱትን ቃሪያ በሉ፣ ተስማሙ፣ ሲነሡም «የግራው ልጅስ? አብሮህ ይምጣ ወይስ ይቅር?» ብለው ጠየቋቸው።

«ሳህኔን አየሁ» አሉ ጋሽ ሪስቶ።

«ምን አሉ ታዲያ?»

«ሳህኔን አየሁ አልኩህ። እሱ ከመጣ ጎሎቹ የማን እንደሆኑ ሰው ያውቃል ብዬ ፈራሁ።»

ኪሮ ፕሪሌፕ ቀረ። ትምባሆ ፋብሪካ ገባ። ከዓመታት በኋላ ጋሽ ሪስቶ ጉልበታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ከተማው የስንብት ጨዋታ አዘጋጀላቸው፤ ያም ካሴት ደረሰን። ኪሮ ሆዱ ወጥቶ፣ ፀጉሩ ሳስቶ፣ እዚያው ግራ መስመር ላይ አለ። ኳስ ይደርሰዋል። የዚያን ቀን ብቻ ቀና ይላል። ጋሽ ሪስቶ ሩቁ የጎል ቋሚ ጋ እጃቸውን አንሥተው ሲጠብቁት ያያቸዋል፣ ደህና አድርጎ ያያቸዋል፣ ከዚያ ዞሮ ኳሷን ለተከላካይ ወደ ኋላ ይሰጣል። ደግሞ ይደርሰዋል፣ ደግሞ ወደ ኋላ። ሕዝቡ መጀመሪያ ያፏጫል፣ በኋላ ዝም ይላል። ስታዲየም ሙሉ ሰው ዝም ሲል ሰምተህ ታውቃለህ? ጋሽ ተፈራ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠና «ይኼ ፋውል ነው፤ የሚነፋለት ሕግ ግን የለም» አለ። ጋሽ ሪስቶ አማርኛውን ባይሰሙም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዕድሜ ሲገፋ ሰው የሚፈልገው ነገር ያጥራል። እሳቸው የሚፈልጉት ኪሮ ይቅር እንዲላቸው ብቻ ነበር። ከእኔው ሱቅ፣ በእኔው ካርድ፣ እህታቸውን ኮል አድርገው «ትኬቱን እኔ እችላለሁ፣ ይምጣና ይስደበኝ በይው» አሏት፤ ስልኩን ሲዘጉ ራሳቸው ተረጎሙልኝ። መልሱ «ያስብበታል» የሚል ነበር። ለእሳቸው ያ በቂ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሬን በከፈቱ ቁጥር «ኪሮ በበጋ ይመጣል» ይሉኛል። «ኢንሻአላህ» እላቸዋለሁ። የፕለም አረቄ የት እንደሚገኝ ጠየቁኝ፣ ኪሮ ይወዳል። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ አላውቅም አልኳቸው። «አይዞህ፣ ያልፍልሃል» አሉኝ።

የሚቀጥለው ካሴት በፀደይ መጣ። እንደ ወትሯቸው አልተቀመጡም። «አይተህ ስትጨርስ ንገረኝ» ብለው ወጡ። እኔም ልብ አላልኩም። መጀመሪያው ላይ የድሮ ጨዋታ ነበረበት፤ ከዚያ ድንገት ቀለም ሆነና አንድ ጠባብ ጎዳና መጣ። የነሐስ ጡሩምባ የሚነፉ ሰዎች፣ ጥቁር የለበሱ ሴቶች፣ ከፊት ፎቶ የታቀፈ ሰው። የፎቶው ጆሮዎች የኪሮ ጆሮዎች ነበሩ። ከበሩ ሣጥኑ ብቅ ሲል ተነሥቼ የቴሌቪዥኑን ፊት ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ባለሐዘኑ ሳያየው እኔ ነጋዴው የሰው ሬሳ ማየት አልፈለግኩም። ማሽኑ ግን አይቆምም። እስኪያልቅ ድረስ ጡሩምባው ከግድግዳው ጋር ሲነጋገር ተቀምጬ ሰማሁ፤ ቁልፉን ያስተካከልኩት በጆሮዬ ነው።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለዘይነባ ነገርኳት። «ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?» አለች።

«መርዶ መነገር አለበት።»

«ለፈረንጅ መርዶ አለ እንዴ? ደውለህ አትነግራቸውም?»

«ሰውዬው ልባቸው ደካማ ነው። ከምላሳቸው ሥር የሚያደርጓትን ኪኒን ራስሽ አይተሻል። ስልክ ይዘው ቢወድቁስ?»

«እሱስ እውነትህን ነው። ሐጂ ኑሩን ጠይቅ።»

ሐጂ ኑሩ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ በሲያትል ስንቱን መርዶ አርድተዋል፣ ለዚህም ሲሉ የሰውን ሁሉ የሥራ ፈረቃ በቃላቸው ያውቁ ነበር። ነገሩን ሰምተው ብዙ አላሰቡም። «ሐዘን ፈረንጅ ሐበሻ አይልም» አሉ። «ሰው ብቻውን እያለ ሞት አይነገረውም። እሑድ ከፈጅር ሶላት በኋላ እንሄዳለን። እስከዚያ አፍህን ያዝ።»

አፌን ያዝኩ። ያ ሳምንት ከነገድኩባቸው ሳምንታት ሁሉ ረጅሙ ነው። ጋሽ ሪስቶ በየቀኑ ከኬንት በአውቶቡስ ይመጣሉ። «አየኸው?» ይሉኛል። ማሽኑ ታሟል እላለሁ። በማግሥቱ «ዳነ?» ይላሉ። ዕቃው ከጃፓን ታዟል እላለሁ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ይሉና «ኪሮ በበጋ ይመጣል» ይሉኛል፤ እኔም ጡሩምባው ጆሮዬ ውስጥ እየተነፋ «ኢንሻአላህ» እላለሁ። ለሞተ ሰው ጉዞ ኢንሻአላህ ያልኩት በዕድሜዬ ያኔ ብቻ ነው።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ በጋሽ ተፈራ ኮሮላ ኬንት ገባን። ሐጂ ኑሩ ነጭ ጀለቢያቸው ላይ ከእርዳታ የወሰዱትን የበረዶ ጃኬት ደርበዋል። ዘይነባ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ሊዲያ ብትወድቅ የሚይዛት ሴት ያስፈልጋል ብላ ነው የመጣችው። መኪናውን ፓርክ አድርገን ስንወርድ ጎረቤትየዋ በመስኮት ብቅ ብላ «እኛ ሃይማኖት አለን!» አለችን። ሊዲያ በሌሊት ልብሷ ከፈተች፣ አራታችንን አየች፣ በሩን ወለል አድርጋ አስገባችን። ጫማችንን አውልቀን ተደርድረን ተቀመጥን። ጋሽ ሪስቶ ከመኝታ ቤት ሲወጡ ዘይነባና ጋሽ ተፈራ ግራና ቀኛቸውን ይዘው ቆሙ፣ ለመደገፍ። ሐጂ ኑሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። ዓለም እንግዳ ማረፊያ መሆኗን፣ ማንም ከተጻፈለት እንደማያልፍ፣ አደምም እንደሞተ። እኔ እየተንተባተብኩ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። ገና አደም ላይ እያለን ጋሽ ሪስቶ እጃቸውን አነሡ።

«ኪሮ ነው» አሉ። «አውቃለሁ።»

ዘይነባ የምትደግፈው አጣች። ጋሽ ተፈራ ጎል ተሽሮበት ወደ መስመር ዳኛው እንደሚያይ ሰው አየኝ።

«ማን ነገረዎት?»

«እህቴ። የሞተ ዕለት።»

«ታዲያ በበጋ ይመጣል ሲሉኝ የከረሙት?»

ሶፋው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «እዚህ ቤት ሞቷል» አሉ። «አንተ ሱቅ ውስጥ ገና አልሞተም ነበር። እዚያ ስገባ ይመጣል እላለሁ፣ አንተም እግዚአብሔር ካለ ትለኛለህ። ደስ ይለኛል።» ከዚያ «አሁን ንገረኝ። ካሴቱን አየኸው?» አሉኝ።

«ሣጥኑ ሲወጣ ቴሌቪዥኑን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። አላየሁም።»

ፊታቸው ጠቆረ። «እኔ ማየት ስላልቻልኩ ነው ላንተ የሰጠሁህ» አሉ። ከዚያ አስረዱን። የድሮው ቡድን ልጆች ወግ አላቸው፤ ከመካከላቸው ወይም ከቅርብ ሰዎቻቸው አንዱ ሲሞት ሌላ ሰው አይሸከመውም፣ እነሱው ናቸው። እያንዳንዱ ቦታ አለው። የእሳቸው ከኋላ በቀኝ በኩል ነው፤ የበረኛውን አባት የቀበሩ ጊዜ፣ አሠልጣኙን የቀበሩ ጊዜ፣ ሁልጊዜ እዚያ ነበሩ። «ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው ከገባ፣ ኪሮ ሳይሞት ‹እሱን ተዉት› ብሏቸዋል ማለት ነው። ማን እንደገባ ማወቅ ነው የምፈልገው። እህቴ ስጠይቃት ታለቅሳለች እንጂ አትነግረኝም።»

«ምን አሉ?» አሉኝ ሐጂ ኑሩ። ነገርኳቸው። ጺማቸውን ያዝ አደረጉ። «እንግዲህ ብቻቸውን አያዩትም» አሉ። «የመጣነው ለዚሁ አይደል? ክፈተው።»

ካሴቱ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ሊዲያ አስገባችው። ጎዳናው መጣ፣ ጡሩምባው መጣ፣ ፎቶው አለፈ። ከበሩ ሣጥኑ ብቅ አለ። በግራ በኩል ሦስት ሽማግሌዎች ተሸክመዋል። በቀኝ በኩል ከፊትና ከመሐል ሁለት። ከኋላ በቀኝ ማንም የለም። ሣጥኑ ወደዚያ ጥግ ዘንበል ብሏል፣ መሐል ያለው ሽማግሌ ክብደቱ በዝቶበት አንገቱ ተጣሟል። የቆዳ ጃኬት የለበሰ አንድ ጎልማሳ ከሕዝቡ ሮጦ ወጣና ትከሻውን በባዶው ጥግ ሥር አገባ። በግራ በኩል ከኋላ ያለው ትልቅ እጅ ያለው ሽማግሌ ነፃ እጁን ዘርግቶ ገፋው። ጎልማሳው ያልገባው መሰለና ተመልሶ መጣ። ሽማግሌው አሁንም ገፋውና አንድ ነገር ተናገረው።

«ምን አለው?» አልኳቸው።

ጋሽ ሪስቶ «በረኛችን ነው» አሉ። «‹ሰው አለው› ነው ያለው። ‹ቦታው ሰው አለው።›»

ጎልማሳው ወደ ሕዝቡ ተመለሰ። ሣጥኑ እንደዘመመ ጎዳናውን ቀጠለ። ጋሽ ሪስቶ የሶፋውን ጠርዝ ይዘው፣ የማይታዘዘውን እግራቸውን እየጎተቱ ተነሡ፣ ግራ ትከሻቸውም ለሸክም ቀና አለ። እኛ የምናደርገውን አጥተን እንደተቀመጥን ነበር። ሐጂ ኑሩ ከወንበራቸው ብድግ አሉና «ተነሡ እንጂ! ሬሳ ሲያልፍ ይቀመጣል እንዴ?» ብለው ተቆጡን። ተነሣን። ዘይነባ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ጋሽ ተፈራ ቆቡን አውልቆ፣ ሊዲያ በሌሊት ልብሷ፣ እኔ በካልሲዬ፣ ሁላችንም ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረን ቆምን። ሣጥኑ በዚያች የትምባሆ ከተማ መታጠፊያ ላይ ዞሮ ከዓይናችን እስኪጠፋ ድረስ ማናችንም አልተቀመጥንም።